ክንዳቸውን አትጎትቱ፦ ከስትሮክ በኋላ ስለሚመጣ የትከሻ ሕመምና የተዛባ ስሜት

ጥያቄ፦ «እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ከሰባት ወር በፊት ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ሰነፈ። እግሯ እየተሻላት ነው፤ በከዘራ ቤት ውስጥ ትንቀሳቀሳለች። እጇ ግን አልተነሳም። ከሦስተኛው ወር ጀምሮ ግራ ትከሻዋን በጣም ያማታል፤ ሌሊት አያስተኛትም። እጇ ደንዝዟል ትላለች፤ ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካት ግን ‹እሳት ነው!› ብላ ትጮኻለች። ግራ ጉንጯንም እንደ ጉንዳን ይወርራታል። ወጌሻ አሽቷት ባሰባት። ከፋርማሲ ዳይክሎፌናክ እየገዛን እንሰጣታለን፤ ብዙም አልረዳትም። ዘመዶቻችን ‹ስትሮኩ ሊደገም ነው› ይላሉ። ወንድሜ ደግሞ ‹ታካብዳለች› ይላል። የደነዘዘ እጅ እንዴት ያማል? ምን እናድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ለወንድምሽ ይህን ንገሪልኝ፤ እናታችሁ እያካበዱ አይደለም። የደነዘዘ እጅ ያማል። ቀዝቃዛ ውኃም እንደ እሳት ያቃጥላል። ይህንኑ አባባል ከብዙ ታማሚዎች ሰምቻለሁ። እርስ በርስ የማይተዋወቁ፣ በተለያየ ዓመት ያከምኳቸው ሰዎች ናቸው። ሁሉም «እሳት» ነው ያሉት።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ የስትሮክ ታማሚዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄድኩም አክማለሁ። እናትሽን በዓይኔ ሳላይ የመጨረሻ ቃል መስጠት አልችልም። ከጻፍሽልኝ ተነስቼ ስገምት ግን ሁለት የተለያዩ ሕመሞች ተደራርበውባቸዋል። አንዱ ትከሻቸው ውስጥ ነው። ሌላው አንጎላቸው ውስጥ ነው። አንጎላቸው ውስጥ ነው ስል ፈጥረው ያወሩታል ማለቴ አይደለም። ስትሮኩ አንጎል ላይ ያደረሰው ጉዳት ራሱ ሕመም እየወለደ ነው ማለቴ ነው። የሁለቱ ሕክምና ይለያያል። እናንተ ሁለቱንም በአንድ ኪኒን ስታክሙ ከርማችኋል።

ከአንጎሉ ልጀምር፣ ምክንያቱም ግራ ያጋባችሁ እሱ ነው።

ውኃ እጃችንን ሲነካ ቆዳችን መልእክት ይልካል እንጂ «ቀዝቃዛ ነው» ብሎ የሚፈርደው አንጎል ነው። መልእክቱ በአከርካሪ ወጥቶ ታላመስ የምትባል ቦታ ይደርሳል። ታላመስ በአንጎል መሀል በግራና በቀኝ ያለች፣ የእንቁላል አስኳል የምታህል ክፍል ናት። ከማሽተት በቀር የሰውነት ስሜት ሁሉ በእሷ በኩል ያልፋል። የቀኙ አንጎል የግራውን አካል ስሜት ይቀበላል፤ የግራው ደግሞ የቀኙን። ስትሮኩ ታላመስን ወይም ወደ እሷ የሚወስደውን መንገድ ሲመታ መልእክቱ ይቆራረጣል። ስለዚህ እጁ ይደነዝዛል።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሬዲዮ ጣቢያው ሲጠፋበት ዝም አይልም፤ ሽሽሽ እያለ ይጮኻል። መልእክት የተቋረጠበት አንጎልም እንደዚያ ነው። በራሱ ይጮኻል፤ ጩኸቱን ሰውየው እንደ ቃጠሎ፣ እንደ መርፌ፣ እንደ ጉንዳን መውረር፣ አንዳንዴም እንደ በረዶ ይሰማዋል። ትንሽ ቅዝቃዜ ስትጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ይህንን እንደ ፈረንጆቹ በ1906 ዓ.ም. ዴጀሪንና ሩሲ የተባሉ ሁለት የፓሪስ ሐኪሞች በዝርዝር ጽፈውታል። ስትሮክ ከያዛቸው 100 ሰዎች ወደ 8 የሚሆኑት ላይ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን አይጀምርም፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ይመጣል። ቤተሰብ «ሊደገም ነው» ብሎ የሚደነግጠውም ለዚህ ነው። አዲስ ስትሮክ አይደለም፤ የድሮው ቁስል እየተናገረ ነው። የእናትሽ ጉንጭም እጅም በአንድ በኩል፣ በደነዘዘው በኩል፣ መሆኑ ወደዚህ ያመለክታል።

አሁን ወደ ትከሻው።

የትከሻ መገጣጠሚያ በጣም ልል ነው። የክንድ አጥንት ጫፍ ክብ ነው፤ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ግን ጥልቀት የለውም። አንድ ሎሚ በቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ በጎን አስደግፎ እንደማቆም ነው። ሎሚው የማይወድቀው ዙሪያውን ጡንቻዎች ጨብጠው ስለያዙት ነው። ስትሮክ እነዚህን ጡንቻዎች ሲያላላ ክንዱ በክብደቱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። እናትሽ ቁጭ ባሉበት የትከሻቸውን ጫፍ ብትዳስሺ ከአጥንቱ ሥር ጣት የሚያስገባ ጎድጓዳ ልታገኚ ትችያለሽ። ወጌሻው «ወልቋል» ብሏችሁ ከሆነ ያገኘው ይህንን ነው። ግን አልወለቀም። የሚመለስ ነገር የለም፤ የያዘው ጡንቻ ነው የላላው። ለመመለስ መጎተትና ማዞር በውስጥ ያሉትን ጅማቶች ሊቀድድ ይችላል።

ቆይቶ ደግሞ ተቃራኒው ይመጣል። በወራት ውስጥ ከደረት በኩል ያሉት ጡንቻዎች ይጠነክራሉ። ክንዱ ወደ ደረት ይሰበሰባል፣ ክርኑ ይታጠፋል፣ እጁ ይጨበጣል። ሕመምተኛው ስለሚያመው አያንቀሳቅሰውም፤ ስላልተንቀሳቀሰ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ስለደረቀ የበለጠ ያማል። የትከሻ ሕመም ስትሮክ ከያዛቸው ሰዎች ብዙዎቹን ያገኛቸዋል። ሁልጊዜ ግን የስትሮኩ የግድ ውጤት አይደለም። ብዙ ጊዜ ከአያያዛችንም ይመጣል። ይህንን በደንብ አስምሬ መናገር እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም በእጃችሁ ያለው ነገር ይኸው ነው።

ሁለቱን ሕመሞች ቤት ውስጥ ለመለየት ይህን ሞክሪ። እናትሽን በጀርባቸው አስተኚ። ክርናቸውን ከጎናቸው አስጠግተሽ አጥፊው። ከዚያ የእጅ አንጓቸውን ይዘሽ በጣም በዝግታ ወደ ውጭ፣ ከሆዳቸው አርቀሽ አዙሪው። ቀኙንም እንደዚሁ አድርጊና አስተያዪ። ግራው ቶሎ የሚቆምና እዚያች ቦታ ላይ ትከሻቸውን የሚያማቸው ከሆነ መገጣጠሚያው ደርቋል። ያመማቸው ላይ ቁሚ እንጂ አትግፊ። በሌላ ጊዜ ደግሞ ምንም ሳይንቀሳቀሱ ክንዳቸውን በጥጥ ዳስሺ፤ ቀጥሎም በቀዝቃዛ ማንኪያ ጀርባ ነካ አድርጊ። ይህ ካቃጠላቸው ሕመሙ የአንጎሉ ሳይሆን አይቀርም። ሁለቱም ሊኖሩ ይችላሉ። የእናትሽ እንደዚያ ይመስለኛል። ያገኘሽውን ጽፈሽ ለሐኪሙ ውሰጂ።

አንድ ሦስተኛ ነገርም አለ፤ አጠር አድርጌ ልለፈው። የእጃቸው መዳፍና ጣት ካበጠ፣ ቆዳው ካብለጨለጨ ወይም ከቀላ፣ ጣታቸው ሲነካ ካስጮኻቸው ቶሎ ሐኪም ይየው። በጊዜው ካልተያዘ ጣቶቹ ተቆልምመው ሊቀሩ ይችላሉ።

አሁን ስለ መጎተት። አንድ ጊዜ ስትሮክ ንግግራቸውን የወሰደባቸው አባት ቤት ሄድኩ። ቤተሰቡ በጣም ይወዳቸዋል። ሳሎን ውስጥ ሶፋ ላይ፣ ጋቢ ለብሰው፣ የታመመው ጎናቸው ወደ በሩ ሆኖ ተቀምጠዋል። ቡና እየተፈላ ስለነበር ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። የገባው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ቅርብ ያገኘውን እጅ፣ ያንን የሰነፈውን እጅ፣ ይዞ «እግዜር ይማርዎት!» እያለ ይወዘውዛል። አንዱማ ትከሻ ለትከሻ ሊገጭ ሳብ አደረጋቸው። ሰውየው ለእያንዳንዱ ፈገግ ይላሉ። እኔ ግን ደህነኛ እጃቸውን አየሁት። የእንግዳ እጅ በመጣ ቁጥር የጋቢውን ጥለት ጨምድደው ይይዛሉ፤ ጣታቸው ይነጣል። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አምስት ሰው ጎተታቸው። ቤተሰቡ «ትከሻቸውን ለምን እንደሚያማቸው አልገባንም» ይለኝ ነበር። መናገር ስለማይችሉ ማንም አላወቀላቸውም።

ያደረግነው ነገር ቀላል ነው። ወንበራቸውን አዞርነው፤ ደህነኛው ጎን ወደ በሩ ሆነ። የታመመውን ክንድ ከጋቢው ሥር ትራስ ላይ አስቀመጥነው። የመጣው ሁሉ ደህነኛውን እጃቸውን መጨበጥ ጀመረ። ሌላ ሕክምናም ተደርጎላቸዋል፤ ግን የሌሊቱ ማቃሰት መቀነስ የጀመረው ከዚያ ሳምንት ነው።

እናንተም ቤት እንዲህ አድርጉ። እናትሽ ሲነሱ በብብታቸው ሥር ይዛችሁ አታንሷቸው። ክንዳቸውንም ይዛችሁ አትሳቡ። በወገባቸው ዙሪያ ጠንከር ያለ መቀነት ወይም ቀበቶ እሰሩና እሱን ያዙ። ልብስ ስታለብሷቸው መጀመሪያ የታመመውን እጅ አስገቡ፤ ስታወልቁ የታመመውን መጨረሻ አድርጉ። ጠባብ እጅጌ ያለውን ቀሚስ ለጊዜው አቆዩት፤ ፊት ለፊት በአዝራር የሚከፈት ሰፊ ልብስ ይሻላል። ቁጭ ሲሉ ክንዳቸው ጭናቸው ላይ ወይም በጎናቸው ተንጠልጥሎ አይቅር፤ በግራ በኩል ክርናቸው በሚደርስበት ከፍታ ጠረጴዛ አቅርቡና ትራስ ዘርጉበት። ሲራመዱ ክንዱ የሚጎትታቸው ከሆነ በአንገት የሚታሰር ማንጠልጠያ ይረዳል፤ ሲቀመጡ ግን ይፈታ። ቀኑን ሙሉ ታስሮ የዋለ ክንድ ይደርቃል።

ሌሊቱ ደግሞ የራሱ ነገር አለው። በቀኝ ጎናቸው ሲተኙ ወፍራም ትራስ ከደረታቸው ፊት አስቀምጪ፤ ግራ ክንዳቸው ከትከሻ እስከ ጣት እሱ ላይ ይረፍ። በጀርባቸው ሲተኙ ከግራ ትከሻቸው ሥርና ከክንዳቸው ሥር ቀጭን ትራስ ወይም የታጠፈ ብርድ ልብስ አድርጊ፣ ትከሻው ወደ ኋላ እንዳይወድቅ። በታመመው ጎን መተኛትም አይከለከልም፤ ግን የትከሻቸው ክንፍ፣ ከጀርባ ያለው ጠፍጣፋ አጥንት፣ ወደ ፊት ወጣ ብሎ እንጂ ክንዱ ከሥር ተጨፍልቆ መሆን የለበትም። እንደ እናትሽ ግራ ጎናቸው የሰነፈ ሰዎች አንዳንዴ ግራ እጃቸውን ጭራሽ ይረሱታል። በላዩ ይተኙበታል፣ በር ላይ ይመቱታል። ግድየለሽነት አይደለም፤ አንጎሉ ያንን ጎን አላየውም። እናንተ አስታውሷቸው።

እንቅስቃሴ የግድ ነው፤ ግን የዋህ እንቅስቃሴ። የምወደው አንድ አለ። እናትሽ ጠረጴዛ ፊት ቁጭ ይበሉ። ፎጣ ጠረጴዛው ላይ ይዘርጉ፣ ሁለት እጃቸውን ፎጣው ላይ ያድርጉ፣ ቀኙ ግራውን ይያዘው። ከዚያ ከወገባቸው ወደ ፊት ዘንበል እያሉ ፎጣውን ያንሸራትቱ፣ ይመልሱ። ክብደቱን ጠረጴዛው ስለሚሸከመው ትከሻው አይሰቃይም። አስር ጊዜ፣ በቀን ሁለት ሦስቴ። ሕመሙ እስከሚጀምርበት ብቻ። «ካላመመ አይድንም» የሚል ሰው ካለ አትስሚው፤ ለዚህ ትከሻ አይሠራም። በር ላይ ገመድ አንጠልጥሎ በደህናው እጅ የሰነፈውን ወደ ላይ መሳብ በየቤቱ አያለሁ። እባክሽ አውርዱት። ክንድ ከትከሻ በላይ ሲወጣ ከኋላ ያለው የትከሻ ክንፍ አብሮ መዞር አለበት፤ የእናትሽ አይዞርም። ስለዚህ አጥንቱ ከላይ ካለው ጋር እየተጋጨ በመሀል ያለውን ጅማት ይፈጨዋል።

ስለ ወጌሻው ክፉ መናገር አልፈልግም። ወጌሾች ከወለምታ ስንት ሰው አድነዋል። የስትሮክ ትከሻ ግን ወለምታ አይደለም፤ በኃይል መታሸት የለበትም። ቅባት ቀብቶ በዝግታ መዳበስ እናትሽን ካስደሰታቸው ምንም አይደለም። ካቃጠላቸው ግን ተዉት።

ጠበል የምትወስዷቸው ከሆነም አንድ ነገር ልበል። በግራ ጎናቸው የሚወርድ ቀዝቃዛ ጠበል ያንን የእሳት ስሜት ሊቀሰቅስ ይችላል። ሲጮኹ ጩኸቱ ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ጠበሉ እንዳይበረታባቸው ለሚያጠምቋቸው አባት አስቀድማችሁ አስረዱ። ከቀኝ በኩል ቀስ ብሎ ይጀመርላቸው። መድኃኒታቸውም አይቋረጥ።

የደነዘዘው እጅ ሌላ አደጋ አለው፤ ቃጠሎ። ቅዝቃዜን እሳት የሚል እጅ፣ እውነተኛውን እሳት ላያውቀው ይችላል። ከሰል ማንደጃ አጠገብ ተቀምጠው መዳፋቸው ውኃ እስኪቋጥር ያላወቁ እናት አክሜያለሁ። የገላ ውኃ በቀኝ እጅ ይለካ፣ ወይም አንቺ ለኪው። ትኩስ ሲኒ በግራ አትስጪያቸው። ጨው በጨርቅ አሙቆ መተኮስ ለትከሻ ሕመም የተለመደ ነው፤ ለእናትሽ ግን ይቅር። ማታ ማታ መዳፋቸውንና በጣቶቻቸው መሀል ያለውን እዪ፤ ቁስል፣ ያደገ ጥፍር፣ እርጥበት እንዳይኖር።

ስሜቱን መልሶ ማሠልጠንም ይቻላል። ሰባት ወር አልፏል ብላችሁ አትተዉት፤ ከዚያ በኋላም የሚመለስ አለ። ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጤፍ ወይም ምስር ሙሊ። ውስጡ ሳንቲም፣ ቁልፍ፣ አዝራር ደብቂ። እናትሽ ዓይናቸውን ጨፍነው አንቺ እየረዳሻቸው በግራ እጃቸው ይፈልጉ። ምን እንደሆነ ይገምቱ፣ ከዚያ ዓይናቸውን ገልጠው ይዩት፣ በቀኝ እጃቸውም ይዳስሱት። መገመት፣ ማየት፣ ማነጻጸር፤ አንጎል የሚማረው በዚህ ነው። በቀን አስራ አምስት ደቂቃ ይበቃል። የሚያቃጥላቸው ከሆነ ከለስላሳ ነገር፣ ከጥጥ ወይም ከነጠላ ጀምሩ። መጀመሪያ ቀን ተሳስተው ቢያዝኑ አይግረማችሁ። አንድ ታማሚዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቁልፉን «ድንጋይ» ሲሉ ቆዩ፤ አንድ ቀን «ጥርስ አለው» አሉ። ያን ቀን ሁለታችንም አለቀስን።

መድኃኒቱ ላይ ግን ቆፍጠን ብዬ ልናገር። ዳይክሎፌናኩን አቁሙ። ኢቡፕሮፌንም እንደዚያው። የደም ግፊት ከፍ ያደርጋሉ፣ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ የልብ ድካምና የስትሮክ አደጋ ይጨምራሉ። እናትሽ ስትሮክ እንዳይደገምባቸው አስፕሪን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ጨጓራቸው ሊደማ ይችላል። ለትከሻው ፓራሲታሞል ይሻላል፤ ጉበታቸው ደህና ከሆነና ሐኪማቸው ሌላ ካላሏቸው አንድ ግራም፣ በቀን ከሦስት ጊዜ ሳይበልጥ።

የአንጎሉን ሕመም ግን ፓራሲታሞልም ዳይክሎፌናክም አይነኩትም። ለእሱ የሚሰጡት የጮኸውን ነርቭ የሚያረጋጉ ናቸው። አሚትሪፕቲሊን አንዱ ነው፤ በርካሽ ይገኛል፤ በ10 ወይም በ25 ሚሊግራም ማታ ይጀመራል። የድብርት መድኃኒት ነው ብሎ ፋርማሲው ሲነግራችሁ አትደንግጡ፤ እዚህ የሚታዘዘው ለሕመሙ ነው። አፍ ያደርቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ ሌሊት ሲነሱ ሊያንገዳግዳቸው ይችላል። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ (የዓይን ግፊት) ወይም የሽንት መከልከል ላለበት አይሆንም። ስለዚህ በራሳችሁ እንዳትገዙ። ጋባፔንቲን፣ ፕሪጋባሊንና ላሞትሪጅንም አሉ። የትኛው እንደሚሻል የነርቭ ሐኪም ይወስን። በሦስት ቀን ለውጥ አትጠብቁ፤ ሳምንታት ይፈልጋል። ሕመሙን ሙሉ በሙሉ የሚያጠፋው ጥቂቱ ላይ ነው። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚቀሰቅሳቸው ሕመም እስከ ንጋት ካስተኛቸው ግን መድኃኒቱ ሠርቷል።

ለደረቀው ትከሻ መገጣጠሚያው ውስጥ የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ አለ። ሕመሙ ጋብ ሲል እንቅስቃሴውን ለመጀመር ጥሩ ጊዜ ይሰጣል። ስኳር ካለባቸው ለጥቂት ቀን ስኳራቸው ስለሚጨምር አስቀድማችሁ ተናገሩ። ጡንቻው በጣም ከጠነከረ ቦቶክስ የሚባል ጡንቻ የሚያላላ መርፌ ይረዳል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው፣ በሁሉም ቦታም አይገኝም። እኔ ብሆን ገንዘቡን መጀመሪያ ከጥሩ ፊዚዮቴራፒስት ጋር ለጥቂት ጊዜ አውለው ነበር፤ አንቺና ወንድምሽ አያያዙን በዓይናችሁ አይታችሁ እንድትማሩ።

ዘመዶቻችሁ የፈሩትን በተመለከተ፣ የቆየው ቃጠሎና ውረራ የአዲስ ስትሮክ ምልክት አይደለም። በድንገት፣ በደቂቃ ውስጥ የሚመጣ ነገር ግን ሌላ ነው። አፋቸው ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተሳሰረ፣ ደህና የነበረው ቀኝ እጅ ወይም እግር ከሰነፈ፣ ዓይናቸው ከጨለመ ሳትጠብቁ ወደ ሆስፒታል። ግራ ትከሻ ሕመሙ ከደረት መጨነቅ፣ ከላብና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣም ልብ ሊሆን ይችላልና እንደዚሁ። ከወደቁ በኋላ የባሰ የትከሻ ሕመም ራጅ ይፈልጋል። ትከሻቸው ትኩስ ሆኖ ካበጠና ትኩሳት ካላቸው ለነገ አታሳድሩት። ከዚህ ውጭ ስትሮክ እንዳይደገም የሚጠብቃቸው ሐኪም ያዘዘላቸው መድኃኒት፣ በተለይም የግፊት ኪኒን ከታዘዘላቸው እሱ ነው፤ ደህና ነኝ ባሉበት ቀንም ይውሰዱት። ዳይክሎፌናኩን ስታቆሙ ግፊታቸውን አስለኪና ቁጥሩን ከዚያ ከጻፍሽው ወረቀት ጋር ለሐኪሙ ይዘሽ ሂጂ።